የብር ወንበርና የንጉሠ ነገሥት ስም፦ የኢትዮጵያ ክብር በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ ሲጻፍ

ከሰቆጣ ደጋ እስከ ኒሯቅና እስከ ተከዜ ቆላ በተዘረጋው የዋግ ምድር፣ የአባቶች ሹመት ሲነሳ የብር ወንበርና የነጋሪት ነገር አብሮ ይነሳል። ትውፊቱ እንዲህ ነው፦ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዙፋኑ ከዛግዌ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲተላለፍ፣ የዛግዌ ዘር በገዛ አገሩ እንዲሾም፣ አለቃውም በንጉሡ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጥና ነጋሪት እንዲያስመታ ተፈቀደለት። የሹመቱ ስም ዋግሹም ነው። ዘውዱን የለቀቀ ቤት ክብሩን ይዞ ቀረ።

የአውሮፓ ተጓዦችና ጸሐፊዎች ይህን ሹመት በየቋንቋቸው አንዴ «ገዥ»፣ አንዴ «መስፍን» እያሉ ጽፈውታል። ገዥ ግን ተሹሞ ይሻራል፤ ዋግሹም በዘር የሚወረስ ነበር። መስፍን ብዙ ነው፤ በንጉሡ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ግን የብዙዎች አልነበረም። በትርጉሙ ውስጥ የጠፋው መብቱ ነው።

«ንጉሠ ነገሥት» የሚለው የበላይ ማዕረግም የሚቆመው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። ከሥሩ የራሳቸው ክብር ያላቸው ነገሥታት፣ ራሶችና ዋግሹሞች ከሌሉ ትርጉም አይኖረውም። ዋግም ይህን ማዕረግ በሩቁ ብቻ አላየውም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ፣ ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም ላይ በሚስታቸው ወንድም በደጃዝማች ካሳ ምርጫ ድል እስኪሆኑም ድረስ ገዙ። ካሳም በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ደፉ።

የዚህ ማዕረግ ትልቁ ፈተና የመጣው ከአገር ውስጥ ጦርነት አይደለም። የመጣው ከወረቀት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ውጫሌ ላይ አፄ ምኒልክና የጣሊያኑ ልዑክ ፒየትሮ አንቶኔሊ ባለ 20 አንቀጽ ውል ተፈራረሙ። ውሉ የተጻፈው በአማርኛና በጣሊያንኛ ነው፤ 19ኛው አንቀጽም ሁለቱ ጽሑፎች አንድ እንደሆኑና እኩል እንደሚታመኑ ይናገራል። 17ኛው ግን በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አልነበረም። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል፤ ቢፈልጉ ያደርጉታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። በጣሊያንኛው ግን በዚያው መንገድ ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል፤ ፈቃዱ ግዴታ ሆነ።

ጣሊያን በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ይህን አንቀጽ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቃ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት አለች። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው፣ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ከጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም መልስ ሲመጣላቸው ነው። የማዕረጉን ስም ማንም አልነካውም፤ የተነጠቀው በውስጡ ያለው ሥልጣን ነበር። ዋግሹምን «ገዥ» ብሎ የተረጎመ ጸሐፊ በመጽሐፉ ያጠፋውን፣ የውጫሌው ጣሊያንኛ በመንግሥት ላይ አደረገው።

አንቶኔሊ ለድርድር ተመልሶ ሲመጣ በ1883 ዓ.ም. ነገሩ በራሱ ላይ ዞረ። አማርኛውን በቅጡ ሳያጣራ የፈረመበት ሰነድ 17ኛው አንቀጽ መሰረዙን የሚናገር ነበር። ሲነገረው ተቆጥቶ አገር ለቅቆ ሄደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ምኒልክ የአገራቸውን ወሰን ዘርዝረው ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን ጨርሰው አፈረሱ። በዚያው ዘመን ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለውን በራሳችን ፊደል ይዞ ወጣ። የሌላ አገር ማሽን ቢመታውም ማዕረጉን የሌላ አገር ቋንቋ አልተረጎመውም።

ክርክሩ በመጨረሻ የተፈታው በጦር ሜዳ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከየአገሩ በተሰበሰበው ሠራዊት መካከል ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው አስከትለው ዘምተው ነበር። የዛግዌ ወራሽ ለሰሎሞናዊው ንጉሠ ነገሥት ሲዘምት የገዛ ክብሩንም እየጠበቀ ነበር። የበላዩ ማዕረግ በሮም ሥር ቢወድቅ፣ በእርሱ ፊት በብር ወንበር መቀመጥ ምን ክብር ይሆናል?

ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ሆነ። ፈረንሳይኛ በዚያ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት የሚዋዋሉበት ቋንቋ ነበር፤ ከጠቡም ውጭ ነበር። ውሉ የውጫሌን ስምምነት ለዘለቄታው ሻረ፤ ጣሊያንም የኢትዮጵያን ነጻነት ፍጹምና ያለ አንዳች ገደብ አወቀች። በጣሊያንኛ የጠፋው ክብር በፈረንሳይኛ ተመልሶ ተጻፈ፤ ያስጻፈው ግን አድዋ ላይ የፈሰሰው ደም ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ ጣሊያን ማዕረጉን ራሱን ወሰደችው። በግንቦት 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተባለ። በሰኔ 23 አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፣ በአማርኛ ተናገሩ። በ1929 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው ጠላትን ተዋጉ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ አንገታቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ በአደባባይ ታየ። ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ያንን ማዕረግ በ1936 ዓ.ም. ተወው፤ ጣሊያንም በ1939 ዓ.ም. በፓሪሱ የሰላም ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ዳግም አወቀች።

የውጫሌ ውል በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ግሥ ጉዳይ ሆኖ ያልቃል፤ አድዋ ላይ ደግሞ የንጉሡና የራሶቹ ስም ይበዛል። በኒሯቅና በሰቆጣ ያለ ተማሪ 17ኛውን አንቀጽ ከዋግሹም ጓንጉል ዘመቻና ከደጃዝማች ኃይሉ መሥዋዕትነት ጋር አንድ ላይ ሊማረው ይገባል። የማዕረግ ስማችንን ወደ ሌላ ቋንቋ የምናሻግር ሰዎችም ስሙን እንዳለ እናቆየው፤ በውስጡ ያለውንም መብት ዘርዝረን እንጻፍ። አባቶቻችን የሞቱት ለዚያ መብት ነውና።