ከሙኒክ በፊት ኢትዮጵያ ነበረች

እዚህ አፍሪዳር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት «መዲኒዩት ሃፒዩስ» የሚባል ነገር ተምረው ይመጣሉ። በአማርኛ የማባበል ፖለቲካ ልንለው እንችላለን፤ ጉልበተኛውን በሌላ ሰው ንብረት ማባበል። ምሳሌው ሁልጊዜ ሙኒክ ነው፦ ቼምበርሌይን፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ 1938። እኔ ግን ታሪኩ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከእኛው አገር ይጀምራል ባይ ነኝ።

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 (በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928) የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር ጣልያንን አጥቂ ነህ ብሎ በኖቬምበር ማዕቀብ ጣለ። ምን ዋጋ አለው፣ ነዳጅ አልተከለከለም! የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ቦዩ እኮ ከአስቀሎን ባሕር ዳር ወደ ደቡብ ሩቅ አይደለም፤ ወታደርና ጥይት የጫኑት መርከቦች ክፍያቸውን እየከፈሉ በእንግሊዞች ፊት አለፉ።

ለንደንና ፓሪስ የፈሩት ሂትለርን ነው፤ ሙሶሊኒ ወደ እሱ እንዳይሄድባቸው ኢትዮጵያን መማለጃ አደረጉ። በዲሴምበር 1935 የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሳሙኤል ሆርና ፒየር ላቫል፣ በምስጢር ተስማሙ። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣልያን ይሰጥ፣ በደቡብም ትልቅ ግዛት ለጣልያን ሰፋሪዎች ይከፈት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አንድ ወደብና ቀጭን መንገድ ታግኝ አሉ። ታይምስ ጋዜጣ መንገዱን የግመል መተላለፊያ ብሎ ተሳለቀበት። ወሬው በፓሪስ ጋዜጦች ሾልኮ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆርም ሥልጣን ለቀቀ። (በስድስት ወሩ ተመልሶ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነ።)

አዲስ አበባ በሜይ 5 ቀን 1936 ተያዘች። ጃንሆይ በጅቡቲ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያም ኢየሩሳሌም መጡ፤ ጁን 30 ጄኔቭ ላይ ተናገሩ። ማኅበሩ ግን በጁላይ ማዕቀቡን አነሣ። ይነሣ የሚለውን አጥብቆ ከተቃወሙት አንዱ የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ ቻርልስ ተ ዋተር ነበር። አፍሪዳርን የመሠረቱት የደቡብ አፍሪካ አይሁዶች ስለሆኑ ይህን ሳነብ ገረመኝ። ለነገሩ ያ መንግሥት በገዛ አገሩ ጥቁሩን የሚረግጥ ነበር።

ሙኒክ ከተፈረመ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ፣ በኖቬምበር 1938፣ እንግሊዝ የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ አወቀች። ሙሶሊኒ ግን ጁን 10 ቀን 1940 ከሂትለር ጎን ቆሞ ጦርነት አወጀባት። በስደት እንግሊዝ አገር የተቀመጡት ጃንሆይ ወደ ካርቱም የተላኩት ያኔ ነው።