ቀጥቃጭና ባትላሜ፦ የመኪና ዝገት ጥገና በታሪክ ዐይን



ዛሬ የማቀርበው ስለ መኪና ላሜራ ዝገትና ስለ ጥገናው ነው። ርእሱ ለታሪክ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገና በወጉ ያልተጠየቀ ጥያቄ ከውስጡ አገኝበታለሁ፤ ይኸውም ብረትን የሚያውቀውን ሰው እንዴት ያዝነው የሚለው ነው።

ከቃሉ ልጀምር። በጋራዦቻችን የተጎዳ የመኪና አካል የሚያቃናው ባለሙያ «ባትላሜ» ይባላል። ቃሉ የጣልያንኛ ሲሆን ትርጓሜው «ላሜራ የሚቀጠቅጥ» ነው። ላሜራ፣ እስቱኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን የምንላቸውም ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። እንግዲህ ባትላሜ በአማርኛ ቢፈታ «ቀጥቃጭ» መሆኑ ነው። ሁለቱ ስሞች ግን በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም። ባትላሜ የከተማ ሙያ ስም ሆነ፤ ቀጥቃጭ ለዘመናት ስድብ ሆኖ ቆየ። ማረሻውንና ማጭዱን ከቀጥቃጩ እጅ የሚቀበለው ገበሬ እርሱኑ «ቡዳ» እያለ ይሸሸው፣ በጋብቻም አይቀርበው ነበር። በቤጌምድር ይህን ሙያ ከያዙት መካከል ርስት የተነፈጋቸው ቤተ እስራኤላውያን ይገኙ ነበር።

የብረት ሥራ ለመንግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ቀድመው ከተረዱት ነገሥታት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና የአገር ተወላጆችን አሰባስበው መድፍ አሠሩ። ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖልንም በ1860 ዓ.ም. በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ በኩል፣ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጎተቱ። መድፉ የነሐስ በመሆኑ እንደ ብረት አይዝግም፤ ዛሬም በአምባው ላይ ይታያል። በጋፋት የተጀመረው ሙያ ግን ከንጉሡ ሞት በኋላ የሚያስቀጥለው ተቋም አጣ።

ሌላው ዓመት 1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በዚያ ዓመት ነበር። ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክለው የምኒልክ አዋጅ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናው ከተማ ሲገባ፣ ብረት የሚያቃናው ሰው ከስድብ የሚጠብቀው አዋጅ ገና ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

ወደዚህ አገር መኪና በብዛት መዝለቅ የቻለው ቆይቶ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልዲያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ሠሩት፤ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» አለው። የቴዎድሮስ ሠረገላ በተጎተተበት ምድር አውቶቡስና አይሱዙ ተመላለሰ፤ ከመኪናውም ጋር ዝገቱ መጣ።

ብረት የሚዝገው ውኃና አየር ሲያገኙት ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ይፋጠናል። በክረምት የመንገዱ ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥና በበሩ ታች ተለጥፎ እርጥበቱን አቅፎ ይይዛል፤ ስለዚህ ዝገቱ ብዙውን ጊዜ ከማይታየው ወገን ይጀምራል። ዝገት ከተነሣበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። በእስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ዝገት የዳነ የሚመስለው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጠንቃቃ ባትላሜ እስከ ነጩ ብረት ድረስ ይፍቃል፤ የተበሳውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፤ ስሱ ላሜራ በሙቀት እንዳይጣመም ብየዳውን በነጥብ በነጥብ ያራርቀዋል፤ ከዚያም ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻ የበሩን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ይከፍታል፤ ውስጡንም በዘይት ወይም በሰም ይለብጣል።

የቤታችን ቆርቆሮም ይህንኑ ትምህርት ይሰጣል። በፈረንሳይ ሶሬል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 የፈጠራ መብት ባወጣበት ዘዴ ብረት በቀለጠ ዚንክ ይነከራል፤ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድናል። የመካነ ኢየሱስና የወገዳ ጣሪያዎች ዝናቡን ለዓመታት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቆርቆሮው ሲጫር እንኳ በጭረቱ ዙሪያ ያለው ዚንክ ብረቱን መጠበቁን አይተውም።

ቀጥቃጩም ባትላሜውም የብረቱን ሙቀት በዐይን ያነባሉ፤ መዶሻው የት እንደሚያርፍም ያውቃሉ። ልዩነቱ የአንደኛውን ዕውቀት ንቀት ስለ ሸፈነው ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ የብረት ስሞቻቸውና ዘዴዎቻቸው አብረዋቸው ያልፋሉ። ስለዚህ ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ሥራ አቀርባለሁ፤ በሦስቱ አካባቢዎች ያሉትን ቀጥቃጮችና የጋራዥ ባለሙያዎች በአንድ መዝገብ፣ በእኩል ክብር፣ ጠይቃችሁ ጻፉ። መዝገቡ ለታሪክ ክፍል ብቻ ሳይሆን ብየዳ ለሚማረው ወጣትም ይድረስ፤ የሙያው አባቶች ከጣልያን ብቻ እንዳልመጡ ይወቅ።