ኤም-ቲ-ኤ፦ ግራጫና ነጭ የጥርስ ሲሚንቶ
የፖርትላንድ ሲሚንቶ ዱቄትና ቢስሙዝ ኦክሳይድ፤ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፤ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ካሊፎርኒያ፣ አሜሪካ

ዱቄቱ በውኃ ተለውሶ የተበሳ የጥርስ ሥር ይደፈንበታል። መሠረቱ የግንባታ ሲሚንቶ ነው፤ ግራጫነቱ በዋናነት ከብረት ውህዶች ይመጣል። ሲሚንቶ ብቻውን በራጅ ላይ ከጥርሱ አካል እምብዛም ስለማይለይ አንድ አምስተኛ ያህል ቢስሙዝ ኦክሳይድ ይጨመርበታል። የቢስሙዝ ከባድ አተሞች ጨረሩን ስለሚያስቀሩ ሙሌቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሐኪሙም ቀዳዳው በሚገባ መደፈኑን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ብረቱ የተቀነሰለት ነጩ ዓይነት ወጣ። ይሁንና ቢስሙዙ ሥርን ለማጠብ ከሚውለው በረኪና ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ጥርሱንም ያጠይማል፤ በፊት ጥርስ ላይ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። እንደ ባዮዴንቲን ያሉ ኋለኞቹ ሲሚንቶዎች በምትኩ ዚርኮኒየም ኦክሳይድ ይዘዋል። ይህ ከቢስሙዝ ይልቅ ቀለም ይጠብቃል፤ ጨረር የማስቀረት ኃይሉ ግን ያንሳል።