ስለ ኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ታሪክና ስለ እናት ወገን

በዱባይ ግዛት ሥር ባለችው በተራራማዋ በሐታ፣ ለሥራ ከሄደች ኢትዮጵያዊት እናትና ከውጭ አገር አባት የሚወለድ ሕፃን የማን ዜጋ ነው? የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በ1965 ዓ.ም. ያወጡት የዜግነት ሕግ የአባትን ዘር ይከተላልና፣ አባቱ የዚያ አገር ዜጋ ካልሆነ በተወለደበት ምድር እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ግን ኢትዮጵያዊ ነው። ይህ የእናት ወገን መብት እንዴት እንደ መጣ ማወቅ የሚገባ ነው።

በጥንት ዘመን በአገራችን እንግዳ በወረቀት አይመረመርም ነበር። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ፣ ተስዓቱ ቅዱሳንም ከሮም መንግሥት አገሮች መጥተው እንደ አገር ተወላጅ ተከበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነጋዴና ባለሙያ ሲበዛ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው በክሎቡኮውስኪ ውል የፈረንሳይ ዜጎችና ጥገኞች የቆንስል ዳኝነት መብት አገኙ፤ ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ ተካፈሉ። ከዚያ ወዲያ «የማን ዜጋ ነህ?» ማለት «ማን ይፍረድብህ?» ማለት ሆነ።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ በአርመን ገዳም ተጠግተው ያደጉትን አርባ የሙት ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ በሙዚቃም አገለገሉ፤ «አርባ ልጆች» ተብለውም እስከ ዛሬ ይጠራሉ። ይህ የርኅራኄ ሥራ ነበረ እንጂ ገና ሕግ አልነበረም።

ሕጉ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከዘውድ በዓሉ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በዚያን ጊዜ በብዙ የአውሮፓ አገሮች በሕግ ጋብቻ የተወለደ ልጅ የአባቱን ዜግነት ብቻ ይከተል ነበርና፣ «ወይም» የምትለው ትንሽ ቃል ታላቅ ነገር ይዛለች። ዜግነት የሚለምን የውጭ አገር ሰውም ዕድሜው የደረሰ፣ አምስት ዓመት የተቀመጠ፣ ራሱን የሚረዳበት ሥራ ያለው፣ አማርኛ የሚናገርና የሚያነብ፣ በወንጀል ያልተፈረደበት እንዲሆን ታዘዘ። በ1926 ዓ.ም. መሻሻያ ደግሞ ለአገር ይጠቅማል ለተባለው ሰው ደንቡ ላላ።

ሆኖም ለልጁ የተከፈተው በር ለእናቲቱ ጠበበ። በውጭ አገር ባዕድ ያገባች ሴት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። ዜግነትን አውራሽ የሆነችው ራሷ ከርስቷ መነቀሏ እንግዳ ነገር ነው። ይህ የተሻረው ዘግይቶ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ወንድም ሆነ ሴት ከውጭ ዜጋ ጋር በመጋባቱ ዜግነቱን እንደማያጣ ደነገገ። የ1922ቱን ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ የመቀመጫውን ዘመን ወደ አራት ዓመት ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ ብቻ ይፈለግ የነበረውን በአገሪቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት በቂ ነው አለ። «ከአባት ወይም ከእናት» የሚለውን ግን አልነካውም፤ የሐታው ሕፃን የሚጠጋው በዚሁ ቃል ነው፤ እናቱ የልደት ማስረጃውን ይዛ በዱባይ ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይቀራታል።