በሬው ቀድሞ፣ አህያው ዘግይቶ፦ የሥራ እንስሳት ምርምር አጭር ታሪክ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የወረደ ተማሪ ሁሉ ራስ መኮንን ድልድይን ያውቀዋል። ሲኒማ ለመግባት፣ ማኪያቶ ለመጠጣት፣ ብር ሲገኝ ደግሞ ኬክ ለመብላት የተሻገርነው በሱ ላይ ነው። እህልና ከሰል የተጫኑ አህዮችም በዚሁ ሰፈር ያልፉ ነበር፤ ቆም ብሎ ጀርባቸውን ያየ ግን ብዙ አይመስለኝም። የሚገርመው ነገር ሳይንሱም እንደኛው ነበር። አራዳ ገበያ ገና ጊዮርጊስ አጠገብ ሳለ ከተማው የሚበላው ሁሉ በእንስሳ ጀርባ ይገባ ነበር፤ ጥናቱ አህያው ዘንድ እስኪደርስ ግን ብዙ ዘመን አለፈ።

መጀመሪያ የታየው በሬ ነው፤ ምክንያትም አለው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ጣሊያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት መቅሰፍት ጥማዱን ሁሉ ሲጨርስ፣ ያልታረሰው መሬት ረሃቡን ወለደ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ የሆኑት በዚያ በክፉ ቀን ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋማችን መሥራች ዳይሬክተር፣ ይህንን ረሃብ በዝርዝር አጥንተዋል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

የበሬው ጉልበት ራሱ የምርምር ርዕስ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ኢልካ (ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ከብት ማዕከል) ከተቋቋመ በኋላ ነው። ጥያቄው ከባድ ነበር፦ ሞፈርና ቀንበሩ የተሠሩት ለሁለት በሬ ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬስ ምን ይሁን? ተመራማሪዎቹ ለአንድ በሬ የሚሆን ቀንበርና ማረሻ ሠሩ። በሙከራ ጣቢያ ጥሩ ሠራ፤ ገበሬው ዘንድ ግን ብዙም አልተስፋፋም። በእኔ አስተያየት አያስደንቅም። ገበሬው መቀናጆ የሚባል የራሱ መላ ነበረው፤ ከጎረቤቱ ጋር በሬውን አጣምዶ በተራ ያርሳል። በዚያ ላይ በሬ ሳይጎዳ ለረጅም ሰዓት የሚስበው ከክብደቱ ከአንድ አስረኛ ብዙም አይበልጥም። እርሻው በሚከብድበት ሰዓት ደግሞ እንስሳው ከበጋው የመኖ እጦት የወጣ ከሲታ ነው። እንግዲህ ችግሩ ከእንጨቱና ከብረቱ ይልቅ የበሬው ሆድ ነበር ማለት ነው።

ይህንን በደንብ ያሳየው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ፣ ሆለታ ላይ በዲቃላ ላሞች የተደረገው ሙከራ ነው። ላም ብታርስ ገበሬው ለእርሻ ብቻ በሬ መቀለብ ይቀርለታል ተብሎ ታሰበ። ላሞቹ አረሱ። ተጨማሪ መኖ ያላገኙት ግን ከሱ፣ ለመፀነስም ዘገዩ፤ በደንብ የበሉት ሥራውንም ወተቱንም ቻሉት። ላም ጠምዶ ማረስ ነውር ነው የሚለውን ገበሬ ማሳመን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር።

አህያውስ? አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ከ7 ሚሊዮን በላይ ይቆጠራሉ። የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ደብረ ዘይት ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከእንግሊዙ የአህዮች በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር አህያን ማከምና ማጥናት የተጀመረውም በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ እዚያው ደብረ ዘይት ነው። ብዙ የሚያስተምሩ ነገሮች ተገኙ። ከተመረመሩት አብዛኞቹ የሆድ ትል ነበረባቸው፤ የገጣባውም ምክንያት የጭነቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ደህና ምንጣፍ መጥፋቱ ነበር። ርካሽ መድኃኒትና አንድ የተሞላ ጆንያ ብዙ ያቃልላሉ። ውሃ ቀጂዋ እናት፣ ከሰል ነጋዴው፣ ወፍጮ ቤት የሚላከው ልጅ፣ የሁሉም እንጀራ በዚያ ጀርባ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ጉልበት ባለሙያዎች የአህያን አያያዝና አጠቃቀም ለማሻሻል የተሰበሰቡት ደብረ ዘይት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ ሥጋና ቆዳ ወደ ውጭ ለመላክ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ተዘጋ።