«እጽዋት» ለኮምፒውተር አራት ቃል ነው፦ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ዌብ እና የማስተማር ታሪካችን

እስቲ ወረቀት አውጡና «እጽዋት» ብላችሁ ጻፉ። እንዴት ጻፋችሁት? እጽዋት? ዕፅዋት? እፅዋት? «ዕጽዋት» ያላችሁም አትጠፉም። ለእኛ አራቱም አንድ ናቸው፤ ጮክ ብለን ስናነባቸው ልዩነት የላቸውም። ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ይህን ነገር በደንብ የገባኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ነው። ያስረዱኝ ደግሞ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሰልጣኞች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በምህንድስና የድኅረ ምረቃ ጥናት ላይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአንድ ኮሌጅ የዌብ ልማት የሚማሩ የደረጃ 4 ሰልጣኞችን በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። መጀመሪያ ላይ ያስተማርኳቸው እኔ በተማርኩበት መንገድ ነበር። ፕሮጀክተር ከፍቼ ኮድ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ ሁሉም ስክሪን ላይ ገጹ ይመጣል፣ ደስ ይለናል። በሦስተኛው ሳምንት «አሁን ከባዶ ጻፉት» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። በአራተኛው ሳምንት ሁለት ልጆች ቀሩ። እውነቱን ለመናገር ያኔ በልቤ «መሠረት የላቸውም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ስህተቱ የእኔ ብቻም አልነበረም፤ ታሪክ አለው።

ከተራራው ሥር ያሉት ትምህርት ቤቶች

ጉለሌ የሙያ ትምህርት ሰፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ዛሬ የእንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መገኛ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ዛሬ በዚያው ስም የሚጠራ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለው። ሁለቱም በዘመናቸው አገሪቱ ምርጥ ተማሪዎቿን የምትልክባቸው ቤቶች ነበሩ።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ግን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ሌላ ስም ተለጠፈበት። የ10ኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃለት ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ኮሌጁን «የወደቀ የሚገባበት» አድርጎ አየው። ልጁም ይህን ስም ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። ኮድ አልሠራ ሲለው «ኮዱ ተሳስቷል» አይልም፤ «ድሮም እኔ አይሆንልኝም» ይላል። የቀሩት ሁለቱ ልጆች ይህንኑ ብለው ነበር የሄዱት፤ ለጓደኞቻቸው።

የፕላዝማ ትውልድ

እኔ ከፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ በተቆለፈ ትልቅ ስክሪን ይመጣል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ብቁ መምህር ያልደረሰበት የገጠር ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባው እኩል እንዲማር ነው የታሰበው።

ችግሩ ስክሪኑ መቆም አለመቻሉ ነው። አስተማሪዋ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ትላለች። እኛ እንስቅ ነበር። ከስክሪኑ አጠገብ የቆሙት መምህራችን ግን አይስቁም ነበር። «ቆይ፣ እዚህ ጋ ልድገመው» የማለት ሥልጣናቸው ተወስዶባቸዋላ።

ፕሮጀክተር ይዤ ክፍል ፊት የቆምኩት እኔ ደግሞ ምን ነበርኩ? ትንሽ ፕላዝማ! ልጆቹ ገለበጡ፣ እኔ «በጣም ጥሩ» አልኩ።

ዌብ እንዲነካ ነው የተሠራው

ዌብን ቲም በርነርስ ሊ ስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል ሲፈጥረው ከቴሌቪዥን የተለየ ነገር ነበር። ሰርን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የዌብ ሠሪዎች ሙያውን የለመዱት የሌላ ሰው ገጽ ከፍተው፣ ከጀርባ ያለውን ኮድ አይተው፣ አንድ ነገር ቀይረው ምን እንደሚሆን በማየት ነው። ቴሌቪዥንን ከፍታችሁ ውስጡን ብትቀይሩ ስርጭቱ አይቀየርም። ድረ ገጽ ግን በራሳችሁ ስክሪን ላይ ይቀየራል።

ሌላም ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ዌብ እና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። አንድ ላፕቶፕ ሰርቨር ሆኖ፣ በሆትስፖት አሥር ስልኮች ተገናኝተውበት፣ ያለ ምንም ዳታ ድረ ገጽ ማየትና መሥራት ይቻላል። ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ክፍል መበተን የለብንም ማለት ነው።

ለእኛ ግን አንድ ትልቅ ግድግዳ ነበር፤ ፊደሉ። የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ገጽ ለማንበብ ጸሐፊው የተጠቀመበት ፎንት የግድ ያስፈልግ ነበር። እያንዳንዱ ፎንት ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ፎንቱ ከሌላችሁ የምታዩት የተዘባረቀ ምልክት ነው። ይህን ግድግዳ ለማፍረስ የደከሙት በአብዛኛው በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዶ/ር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ሆነው ሳለ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደልን ለኮምፒውተር አዘጋጁ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል መላላክ የሚያስችል «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ነደፉ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሎቻችን ቋሚ ቁጥር ሰጠ። «ሀ» 4608 ሆነ፤ የትም አገር፣ በየትኛውም ስልክ።

ያ ድል ግን አንድ የቤት ሥራ ትቶልን ሄዷል። ዩኒኮድ የሚቆጥረው ፊደልን እንጂ ድምፅን አይደለም። «ጽ» 4925 ነው፤ «ፅ» ደግሞ 4933።

ወደ ጉለሌ

ልጆቹ ከቀሩ በኋላ ትምህርቱን ከክፍል አወጣሁት። የመረጥነው ቦታ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው፣ በባሕር ዛፍ የተዋጠውን ተራራ ወደ አገር በቀል ዛፎች ለመመለስ የሚሠራ ቦታ። ሥራችን ቀላል ነበር። አስጎብኚው የሚነግሩንን እጽዋት በደብተር መዝግበን፣ ፈልጎ የሚያገኝ ትንሽ ድረ ገጽ መሥራት። ኮሶ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ቀጋ፣ ጽድ።

ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ከላፕቶፔ ጋር በስልክ ተገናኘን። አንዷ ሰልጣኝ «ፅድ» ብላ ፈለገች። ገጹ «አልተገኘም» አላት። ዛፉ ግን ከጀርባዋ ቆሟል! ጓደኛዋ «ጽድ» ብሎ ሲጽፍ መጣለት። ሌላኛው «እኛ አገር ጥድ ነው የሚባለው» አለ፤ ለእሱም አልተገኘም። አስጎብኚው ሰምተው ሳቁና «በኦሮምኛ ደግሞ ጋቲራ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላስተማርኩትም። መጀመሪያ የፊደላቱን ቁጥር አወጡ። ከ«ፀ» እስከ «ፆ» ያሉት ሰባት ፊደላት እያንዳንዳቸው ከ«ጸ» እስከ «ጾ» ካሉት በትክክል 8 እንደሚበልጡ ያየችው «አልተገኘም» የተባለችው ልጅ ናት። ስለዚህ ከመፈለጋችን በፊት 8 መቀነስ ብቻ ነው። ሦስት መስመር ኮድ! ያው ሐሳብ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ» ይመልሳል፤ የሚቀየረው የሚቀነሰው ወይም የሚደመረው ቁጥር ነው። አራቱም «እጽዋት» አንድ ሆኑ።

«ጥድስ?» አለ ልጁ። «ጥ» 4901 ነው፤ ለ«ጽ» 24 ይጎድለዋል። 24 እንደምር? ሞከሩት። «ጥቁር እንጨት» «ጽቁር እንጨት» ሆነ። በሳቅ ፈረሱ፤ ግን ገባቸው። አንዳንዱ ነገር ደንብ ነው፣ ኮድ ይጻፍለታል። አንዳንዱ ግን መረጃ ነው፣ መመዝገብ አለበት። ለአንድ ዛፍ ብዙ ስም የሚይዝ ሌላ ሠንጠረዥ አስፈለገ፤ ጽድ፣ ጥድ፣ ጋቲራ። ሁሉንም የሚያስረው የማይደገም መለያ ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙ ሆነ፣ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 እጽዋትን በሁለት ቃል መሰየምን አጸና፤ አንድ ተክል በየአገሩ ሌላ ስም አለው። በዳታቤዝ ትምህርት «የአንድ ለብዙ ዝምድና» የሚባለውን ለሁለት ሳምንት በሰሌዳ ላይ ሳስረዳ ያልገባቸው ልጆች በሃያ ደቂቃ ራሳቸው ደረሱበት።

ከሌሎች ኮሌጆች የተማርነው

ጥሩ ችግር መስጠት ብቻውን ግን አይበቃም። ለጀማሪ ባዶ ስክሪን ያስፈራል። ኒውዚላንድ ውስጥ፣ እንደኛው የሙያ ኮሌጅ በሆነው ኦታጎ ፖሊ ቴክኒክ፣ ዴል ፓርሰንስና ፓትሪሺያ ሄደን እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ዘዴ አስተዋወቁ። ትክክለኛውን ኮድ መስመር በመስመር ቆራርጦና አደባልቆ ለተማሪ መስጠት። ተማሪው አይጽፍም፤ ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባርባራ ኤሪክሰንና ባልደረቦቿ ዘዴውን ሲፈትሹ ተማሪዎች ኮዱን ራሳቸው ከጻፉት ባነሰ ጊዜ እኩል ተማሩ። ጀማሪ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ጥቂት ነው፤ የፊደል ስህተቱን፣ የነጠላ ሰረዙን፣ የሐሳቡን ፍሰት አንድ ላይ ስትጭኑበት ሐሳቡ ይወድቃል።

ይህ በድረ ገጽ በጣት እየጎተቱ ይሠራል፤ በመቀስና በወረቀትም ይሠራል። እኛ መብራት ያለ ቀን በስልክ፣ የሌለ ቀን በወረቀት ሠራነው።

ሌላው ደግሞ ከራሳችን ቤት የወሰድነው ነው። በቆሎ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ተማሪ ብቻቸውን አያስተምሩም። ቀድሞ ያወቀው ለጀማሪው ያስቀጽላል፤ የኔታ የሚያዳምጡት መጨረሻ ላይ ነው። እኔም ከፊት መቆሜን ትቼ ሁለት ሁለት አድርጌ አቀናጀኋቸው። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይናገራል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። «አይሆንልኝም» የሚለው ልጅ ለጓደኛው ሲያስረዳ ሆኖለት ያገኘዋል።

አሁን የምንወስነው

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለው ፕሮግራም ተጀምሯል። ማንም ሰው በነፃ፣ በኢንተርኔት ፕሮግራሚንግ እንዲማር የሚያደርግ ነው፤ ከሰልጣኞቼ መካከልም የጀመሩ አሉ። በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ከፕላዝማ የሚሻልበትም ግልጽ ነገር አለ፤ ቪዲዮውን ማቆምና መድገም ትችላላችሁ። ነገር ግን ከስክሪኑ አጠገብ «ቆይ፣ እንድገመው» የሚል መምህር፣ «እስቲ አብረን እንየው» የሚል ጓደኛ፣ እና «ፅድ» ተብሎ ሲፈለግ ለምን እንደማይገኝ የሚያስጠይቅ የራስ ችግር ካልተጨመረበት፣ እኛ የምናውቀው ስክሪን በሌላ መልኩ ተመልሶ ይመጣል።

የኮሌጅ መምህር ከሆናችሁ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ያዘጋጃችሁትን ኮድ ከማሳየታችሁ በፊት በመቀስ ቆራርጡትና ለሁለት ለሁለት ሰው ስጡት። ሰልጣኝ ከሆናችሁ ደግሞ የሰፈራችሁን አንድ ዝርዝር፣ የሱቆቹን ይሁን የታክሲ መስመሮቹን፣ በአማርኛ የሚፈልግ ገጽ ሥሩ። ፊደሉ ራሱ ያስተምራችኋል።

ከቀሩት ሁለት ልጆች አንዱ ተመልሷል። ጓደኞቹ የጉለሌውን ገጽ በስልክ አሳይተውት ነው የመጣው። መጀመሪያ የጻፈው «ቆሶ» ብሎ ነበር። አልተገኘም። «ይሄ ደግሞ በስንት ይበልጣል?» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ልጅቷም ደብተሯን ከፈተችለት።