ደቅና ዳጋ፤ የሁለት ደሴቶች መልክዐ ምድርና አስተዳደር

ከመራዊ አጠገብ የሚወርደው ቆጋ ከግልገል ዓባይ ጋራ ተቀላቅሎ ጣና ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ውሃ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች ያሉት ሐይቅ ነው። ከሁሉ የሚሰፋው ደቅ ሜዳማና የሚታረስ ነው፤ ጎረቤቱ ዳጋ ግን ደን የለበሰ ሾጣጣ ኮረብታ ነው።

ስለምን ተለያዩ? የመሬቱ አቀማመጥ አንድ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ሥርዐት ነው እንላለን። በደቅ ገበሬ ከነቤተሰቡ ይኖራል፤ ዳጋ ግን ሴት የማትገባበት ገዳም ነው። በዘጌም ልሳነ ምድር በገዳሙ ደንብ ማረስ ስለ ተከለከለ ደኑና ቡናው ሊቆይ ችሏል።

ነገሥታቱም የውሃውን ጠባቂነት ያውቁ ነበር። የደንገል ታንኳ በሌለው ዘንድ ደሴቱ አይደፈርም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የዐፄ ፋሲል (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ዐፅም በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። እቴጌ ምንትዋብም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቅ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ቤተ መንግሥቱ ክቡር የሚለውን ነገር ለገዳሙ ዐደራ ሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ከመንግሥት መቀመጫ የራቀ አገር ሁሉ አስተዳዳሪ አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። ለሐይቁ አዲስ ደንብ የሚያወጣ ሁሉ፥ ደኑን እስከ ዛሬ ያቆየውን የቀድሞውን ደንብ አስቀድሞ ቢመረምር መልካም ነው።